የግራ እግር ቀለበት

ጥር 11

ይድረስ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ሦስት ደብዳቤ ልከሽ አንዱንም ሳልመልስ ወሩ ማለፉ ያሳፍራል። ደብዳቤ የሚያመላልስልን ሾፌር ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሐይቁ ሊወርድ ሲነሳ በሬ ላይ ቆሞ «ዛሬም የለም?» ይለኛል፤ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ አቀርቅሬ እገባለሁ። ጆሮሽ ስልክ ቢሰማልሽ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ተጨቃጭቀን እንገላገል ነበር።

ስለ ድንቢጥ አንድም ቃል ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ከልጄ ጋር ተኳርፈናል። አንቺ ጋ ቴሌቪዥን የለም፣ ጋዜጣም የሚደርስሽ ዕቃ ተጠቅልሎበት ነውና ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ድንቢጥ በምትሠራበት በአእዋፍ ቀለበት መዝገብ ቤት አንድ ጥናት አቅርባለች። ጥናቱ ስለ እሜቴ ነው። አዎ፣ ስለኛዋ ሽመላ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ፕሮግራሜን በጀመርኩበት ዓመት፣ በእጄ ቀለበት ያሰርኩላት፣ በየዓመቱ አንቺ ግቢ ካለው የውሃ ማማ ላይ ስታርፍ አገር ሁሉ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚጠብቃት እሜቴ፣ ድሮ ሞታለች ነው የምትለው። አሁን የማሳየው ሌላ ወፍ ነው አሉ። ማስረጃዋ ምን መሰለሽ? በመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ፊልም ላይ ቀለበቱ በወፏ ግራ እግር ነው፤ ከስምንተኛው ዓመት ወዲህ በቀኟ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ፊልም ስንቆርጥ ወፎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ ምስሉን እንገለብጠዋለን፤ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ኤዲተር የለም። የጠዋቱ ፕሮግራም ላይ ጋብዘው ሲጠይቁኝ ይህንኑ ካስረዳሁ በኋላ «ልጄ አፍንጫዬን እንጂ ዓይኔን አልወረሰችም» አልኩ። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

ታውቂኛለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ካሜራ ፊት ቆሜ «ያላየሁትን አልነግራችሁም» እያልኩ ነው የምጀምረው። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይህንኑ እየጮሁ ይከተሉኛል። ይህ ቃል ከተሰበረ ከእኔ የሚተርፈው ኮፍያዬ ብቻ ነው።

መጋቢት 4 የእሜቴ መመለስ በቀጥታ ይተላለፋል። ዘንድሮ እኔ ስቱዲዮ ሆኜ ካሜራ ማኑ ብቻ ነው አንቺ ጋ የሚመጣው። በየዓመቱ የመዘገብሽባቸውን ሃያ ስድስቱን ደብተሮች ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ነገሩን አንድ ጊዜ መዝጋት እፈልጋለሁ። ለሾፌሩ ስጪልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 19

ለወሬኛው ወንድሜ፣

ጆሮዬን በሚመለከት፣ የግራው ጨርሶ ተዘግቷል፣ የቀኙ ሲያሰኘው ይሠራል። ሐኪሙ የሰጠኝን መሣሪያ ሳደርገው የግቢው የውሃ ፓምፕ ሞተር ራሴ ውስጥ የገባ ይመስለኛልና አውልቄ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ስለዚህ አትጨቅጭቀኝ።

ሾፌሩ ባዶ እጁን ቢመጣብህ የእሱ ጥፋት አይደለም። ደብተሮቹ ያሉበት ቁም ሳጥን በሩ በዝናቡ አብጦ አልከፈት አለኝ። መነጽሬም ተሰብሯል። ደግሞም አይጥ ገብቶባቸው እንደሆነ አንድ በአንድ ማየት አለብኝ።

የጠዋቱን ቀልድህን አልወደድኩትም። እዚህ የፓምፑ ኦፕሬተሮች ክፍላቸው ውስጥ ቴሌቪዥን አላቸውና አንዱ ሊያስቀኝ ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። አገር ፊት በገዛ ልጅህ ላይ! ድንቢጥ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ሆስፒታል ተኝታ አንድ ማንኪያ ሾርባ አልወርድ ሲላት እንኳ የምትጠይቀው «እሜቴ መጣች?» ብላ ነበር። ዛሬ ወፍ ቆጣሪ የሆነችው ከዚያ የተነሳ ነው። አንተ ይህን እንዴት ትረሳለህ?

እስኪ አንድ ነገር ልበልህ፣ ሳትቆጣ ስማኝ። ዘንድሮ ይህን ስርጭት ብትዘልለውስ? ታመምኩ በላቸው። ጉንፋን አለብህ አይደል? አንድ ዓመት ሽመላ ስላላዩ የሚሞት ሰው የለም።

ወፎቹ ገና አልገቡም። ጎጆውን ነፋስ በአንድ በኩል አዝምሞታል፣ እነሱ ራሳቸው ያበጁታል።

እህትህ


ጥር 28

ይድረስ ለእትዬ፣

አራተኛ ክፍል ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ ማለት ብችል እንዴት ደስ ባለኝ፤ ያስተማርሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ያኔ ምን ትይን ነበር? «ሦስት ምክንያት ይዞ የመጣ ተማሪ አንዱም እውነት አይደለም።» በሩ አበጠ፣ መነጽር ተሰበረ፣ አይጥ ገባ። ቆጥሬያለሁ።

ስለ ቀልዱ ተቆጥተሻል፣ ተቀብያለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ የሚሮጥ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ስርጭቱን መዝለል ግን አይሆንም። የጣቢያው ኃላፊ ቢሮው ጠርቶ «ወይ አጥራው ወይ እናቁመው» ብሎኛል።

የመገልበጡ ነገርም አላዋጣም፤ ላንቺ አልዋሽም። ድንቢጥ በውሃ ማማው ታንከር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር አስተውላለች። ምስሉ ቢገለበጥ ቁጥሩም ይገለበጥ ነበር፤ በአሥራ ዘጠኙም ዓመት ፊልም ላይ ግን በትክክል ይነበባል። ሄጄ አየሁት። ኤዲተራችን አብሮኝ አየና አንገቱን አከከ። ሃያ ስድስት ዓመት ያንን ታንከር ሳሳይ ቁጥር እንዳለበት ልብ ያልኩት ባለፈው ማክሰኞ ነው።

እሷም ጋ ነገሩ ጠንክሯል። ለመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ደርሶ አለቃዋ ጠርቷታል። እስከ ስርጭቱ ቀን የማያከራክር ማስረጃ ካላመጣች ጥናቷን ትሰርዛለች፤ አልሰርዝም ካለች ሥራዋን ትለቃለች። ደብዳቤው ከየት እንደሄደ አሁን ባናነሳው ይሻላል። እኔ የምለው፣ ብትሰርዘው ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል፤ ወጣት ናት፣ ሰው ይረሳላታል። እኔ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ለእኔ አይረሳልኝም።

አንዳንዴ ጠዋት ስላጭ መስታወቱ ውስጥ አየኝና «ቢሆንስ?» እላለሁ። ከዚያ ደግሞ እተወዋለሁ። ደብተሮቹን ላኪልኝ፣ እትዬ። የእግሩን ነገር አንቺ ጽፈሽዋል፤ ሁሌም ትጽፊያለሽ።

ወንድምሽ


የካቲት 5

ለወንድሜ፣

ድንቢጥ እዚህ መጥታ ነበር። ሳልነግርህ የቀረሁት እሷ አትንገሪው ስላለችኝ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምነግርህ ስላልገባኝ ነው።

ሁለት ቀን ሰነበተች። ከስታለች። ስትመጣ በሥራ መጣሁ አላለችም፤ መሰላል አንስታ ጣራዬ ላይ ወጣችና አሸንዳው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ቅጠል ጠረገችልኝ፣ የሚያፈሰውንም በኩል በሬንጅ ደፈነችው። ምሳ ላይ በወረቀት እየጻፍን ተጫወትን። ስላንተ ክፉ ቃል አልጻፈችም። «ጉንፋኑ ተሻለው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ከየት እንደሰማች እንጃ።

ብርድ ልብስ ስትፈልግ ያንን ቁም ሳጥን በአንድ እጇ ከፈተችው። በሩ ምንም አልሆነም፤ እንግዲህ ዋሽቼሃለሁ። ደብተሮቹ ተደርድረው ፊቷ ነበሩ። ጀርባቸው ላይ ዓመተ ምሕረቱን አየች፤ እጇንም አልዘረጋችም። ብርድ ልብሷን ይዛ በሩን ዘጋችው። አንተ ብትሆን ኖሮ አንተኛም ነበር።

ልትሄድ ስትል ወረቀት ቀደደችና «አክስቴ፣ የተሳሳትኩ ይመስልሻል?» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ» ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው፤ አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ግንባሬን ስማኝ ሄደች። የጠየቀችኝን እንዳልመለስኩላት ገብቷታል። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት፣ አንድ ጥያቄ ሸሽቼ ወደቅሁ።

ሰባቱን ደብተሮች ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሰባት። ለጊዜው እነሱን እይ።

ያ ደብዳቤ ግን ከማን ነው? አሁን ባናነሳው ይሻላል ብለህ ዘለልከኝ።

እህትህ


የካቲት 12

ይድረስ ለእትዬ፣

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአለቃዋ፣ በስሜና በፊርማዬ። «የመሥሪያ ቤታችሁ ስም ባልተጣራ ጥናት እንዳይጎድፍ» ብዬ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ አማርኛ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ፖስታውን ከጣልኩ በኋላ እጄን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ላወጣው ሞክሬ ነበር፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው። እንግዲህ አወቅሽ። ስድብሽን በሚቀጥለው ሐሙስ እጠብቃለሁ።

ሰባቱ ደብተሮች ደርሰውኛል። ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩ። እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው! «እሜቴ ገባች። ግራ እግር፣ ቀለበቱ ደህና። ወንዱ ቀድሟት ጠብቋል።» በየዓመቱ ግራ እግር፣ ግራ እግር። አንዱ ገጽ ላይ የድንቢጥ ሥዕል አለ፤ ወፏን አምስት ጣት አድርጋላታለች። እሱን ሳይ ቆየሁ።

የቀሩት አሥራ ዘጠኙስ? ሾፌሩ ምን አለኝ መሰለሽ፦ «ሁሉንም መኪናው ላይ ጭኜ ሞተር ካስነሳሁ በኋላ መስኮቱን አንኳኩታ የቀሩትን መልሳ ወሰደችብኝ።» እትዬ፣ ምን ሆነሻል?

አንድ ነገር አሰብኩ። ስምንተኛው ዓመት ላይ እኔ አልነበርኩም። ሆስፒታል፣ ድንቢጥ አልጋ ሥር ነበርኩ። ያን ዓመት የእሜቴን መምጣት የቀረጸው ካሜራ ማኑ ነው፤ ያየሻት አንቺ ነሽ። ምናልባት እግሯ አብጦ ይሆናል። ቁስል ካለ ቀለበት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ደንቡም ይፈቅዳል። አንቺ ደግሞ እጅሽ ለዚህ የተፈጠረ ነው። አዛውረሽላት ያኔ በእኔ ጭንቀት መሐል ሳትነግሪኝ ረስተሽው ይሆናል።

እንዲያ ከሆነ ሌላ አልፈልግም። «በስምንተኛው ዓመት ቀለበቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውሬያለሁ» የምትል አንድ መስመር፣ ቀኑንና ፊርማሽን። አንድ መስመር ብቻ። አገሩ በሙሉ ያምንሻል። ድንቢጥም ትቀበልሻለች፤ አንቺን የማትቀበለው ነገር የለም።

ወንድምሽ


የካቲት 19

ወንድሜ ሆይ፣

አንድ መስመር ጠየቅከኝ። ይህ ከአንድ መስመር ይበልጣል፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቀለበቱን አላዛወርኩም። እሜቴ ሞታለች። በስምንተኛው ዓመት፣ በገባችበት ዕለት፣ ከፓምፑ በላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ መታት። ጠዋት ወጥቼ ከማማው ሥር አገኘኋት፤ አንድ ክንፏ ተቃጥሏል። ወንዱ ጎጆው ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያታል።

ያን ሳምንት አንተ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ በፓምፑ ስልክ ትደውልልኝ ነበር። «መጣች?» ብቻ ነው የምትለው። ድንቢጥ መድኃኒቱን እየተፋች «እሜቴ ስትመጣ እኔም እወጣለሁ» ብላ ለነርሷ ነግራታለች። ሐኪሙ ዘመድ እንድትጠራ መክሮህ ነበር፤ ይህን የነገርከኝ አንተው ነህ፣ ድምፅህ እየተቆራረጠ። እንግዲህ አንተ ብትሆን ምን ትለኛለህ? «ገና ናት» አልኩህ። በነጋታውም ገና ናት። አሥራ አንድ ቀን ገና ናት አልኩህ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ሌላ ሴት ሽመላ ጎጆው ላይ አረፈች፤ ወንዱም አላባረራትም። የፓምፑ ዘበኛ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዓሣ መረቡን አመጣ። መስኩ ላይ ስትለቅም ጣልንባት። እሱ ክንፏን በብብቱ አጥብቆ ፊቷን ወደ እኔ አዙሮ ያዘልኝ፤ እኔ ከእሜቴ እግር የቆረጥኩትን ቀለበት አቅንቼ አሰርኩላት። ማልቀሴን ያወቅሁት መቆንጠጫው እጄ ላይ ሲያዳልጠኝ ነው። በእኔ በግራ በኩል ባለው እግር አሰርኩት። ፊቷ ወደ እኔ ስለነበር በእኔ በኩል ግራ የሆነው የእሷ ቀኝ ነው። ሠላሳ ወፍ አስሬ የማልሳሳተውን ያን ቀን ተሳሳትኩት። ያየሁት በነጋታው ማማው ላይ ስትቆም ነው፤ ያኔ እሷን መልሶ መያዝ አይሞከርም።

ያን ዕለት ስትደውል «መጣች» አልኩህ። ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማሁህ። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር። ካሜራ ማኑ መጥቶ ቀረጸ፣ ልጅቱ አልጋዋ ላይ ሆና አየች፣ በሦስተኛው ሳምንት በእግሯ ሄዳ ወጣች። ወፏ አዳነቻት አልልህም፤ መድኃኒቱ ነው ያዳናት። መድኃኒቱን የዋጠችው ግን ወፏን አይታ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ልነግርህ ነበር። ፕሮግራምህ ያን ዓመት ሽልማት አገኘ፤ ሕፃናት በእሜቴ ስም ደብዳቤ ይጽፉልህ ጀመር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መናገሩ ከመዋሸቱ እየባሰብኝ ሄደ። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም። አሥራ ዘጠኙን ደብተሮች ልኬልሃለሁ፤ ብትፈልግ ገልጠህ እይ፣ አንዱም ላይ እግር አልጻፍኩም። «እሜቴ ገባች» ብቻ።

ያኔ የዋሸሁት ለልጅቱ ብዬ ነው። ዛሬ ያንን መስመር ብጽፍልህ በልጅቱ ላይ መዋሸቴ ነው። አልጽፈውም። በእኔ ጥፋት ስምህ እንደሚሰበር አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ ለማለትም አፍራለሁ። ግን የተሳሳተችው እሷ አይደለችም።

እህትህ


የካቲት 26

ለወንድሜ፣

ሾፌሩ ባዶ እጁን መጣ። «ደብዳቤውን ተቀብሎ በሩን ዘጋ» ብሎ ጻፈልኝ። መልስ አልጠይቅህም፤ አንብበኸው እንደሆነ ብቻ ባውቅ እወድ ነበር።

ወፏ ከስርጭቱ ቀድማ ትናንት ገባች። ስም ሳልጽፍ «ገባች፣ ቀኝ እግር» ብዬ መዘገብኩ። ጉንፋኑን አትናቀው፤ ደረትህ ላይ እንዳይቀመጥ።

እህትህ


መጋቢት 2

እትዬ፣

አንብቤዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ካሜራ ማኑ ዛሬ ወደ አንቺ ስለሚመጣ በእሱ እልካለሁ።

ተናድጄብሻለሁ። እንዲህ ተናድጄብሽ አላውቅም፤ ያኔ ክፍል ፊት አስቁመሽ የገረፍሽኝ ቀን እንኳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! በየሳምንቱ አገር ፊት ቆሜ ያላየሁትን አልነግራችሁም ስል አንቺ ሐይቁ ዳር ተቀምጠሽ ዝም! አንድ ቀን እንኳ ምራቅሽን ውጠሽ «ወንድሜ፣ ና ቁጭ በል» ማለት እንዴት አቃተሽ? እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሕፃን ነው ያየሽኝ፤ ሾርባ እንደሚሰጡት።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ነበር። ግን አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል። ድሮ እሜቴ መሰላሉን ስወጣ ምንቃሯን እያጋጨች ትቀበለኝ ነበር፤ አትሸሽም ነበር። በዘጠነኛው ዓመት ማማው ላይ ስወጣ ገና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሳለሁ ተነስታ በረረች። «ሰው በዝቶባት ነው» አልኩ። ካሜራ ማኑ «ምነው ዘንድሮ ረሳችህ?» ሲለኝ ሳቅሁና «ሽልማት ካገኘች ወዲህ ኮርታለች» አልኩት። ያን ቀልድ ፕሮግራሙ ላይም ደገምኩት። አውቄ ነበር ማለት አልችልም። አላወቅሁም ብዬ መማልም አልችልም። ሳላይ ቀርቼ አይደለም፤ ማየት አልፈለግሁም።

ፕሮዲውሰሩ የተጻፈ ንግግር ሰጥቶኛል። ቀለበቱ በሕመም ምክንያት ተዛውሯል ይላል፤ ከአንቺ ስም ሥር ፊርማ የሚቀመጥበት ነጥብ ነጥብ አለ። ድንቢጥ እስከ ስርጭቱ ቀን ጥናቷን ካልሰረዘች ከዚያ በኋላ ቢሯቸው እንዳትገባ ነግረዋታል። አልሰረዘችም ብለውኛል።

ምን እንደምል አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ወንድምሽ


መጋቢት 5

ለወንድሜ፣

በካሜራ ማኑ ያስጠየቅከኝን ልመልስ። የቀበርኳት ከፓምፑ ቤት ጀርባ፣ ድሮ አንተ ጥንቸል የምታረባበት ቦታ ላይ ነው። ዘበኛው ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጦበታል፤ ምልክት ይሁን ብሎ ሳይሆን ውሻ እንዳይቆፍረው።

ትናንት ኦፕሬተሮቹ ክፍል ገብቼ አየሁህ። ስድስት ሆነው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። መጀመሪያ ወፏን አሳዩ። ከዚያ አንተ መጣህ። ኮፍያህን አላደረግህም፤ ራስህ ይህን ያህል መመለጡን አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ከፊትህ አነሳህ፣ አየኸው፣ መልሰህ ደፋኸው። ከዚያ ዝም ብለህ ቆየህ። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎት አንዱ ተነስቶ ሊነካካው ነበር። ከዚያ አፍህ መንቀሳቀስ ጀመረ።

እኔ አልሰማሁም። ያን መሣሪያ ከመሳቢያው ሳላወጣ ነው የሄድኩት፤ አስቤበት ነው፣ ፈርቼ። ብቻ ስትናገር ቆይተህ፣ ስድስቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ። ያኔ እንዳልከው ገባኝ።

አንዱ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሌላው ደግሞ፣ ያ በየዓመቱ ልጆቹን ወፏን ሊያሳይ የሚያመጣው፣ ፊቱን አዙሮብኝ አልፎኝ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ሰላም ስለው አልመለሰልኝም። ይገባኛል። አልፈርድበትም።

ከዚህ ጋር አንድ ቅጽ ልኬልሃለሁ። ቀለበት የታሰረላት ወፍ ሞታ ስትገኝ ለመዝገብ ቤቱ የሚመለስ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ባዶውን ኖረ፤ ትናንት ስመለስ ሞላሁት። ቀለበቱን መጀመሪያ ያሰረው ሰው መፈረም ስላለበት ያንተ ፊርማ ይቀረዋል። ፈርመህ ላክላቸው።

ፕሮግራሙን ምን አደረጉት? ልጅቱስ?

እህትህ


መጋቢት 17

ይድረስ ለእትዬ፣

ፕሮግራሙ ቆሟል። ለጊዜው ነው ይላሉ፤ ለጊዜው ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ኖሬ አውቃለሁ። ጠረጴዛዬን በሁለት ካርቶን አወጣሁ። የሕፃናት ደብዳቤ ይመጣል። ግማሹ ስድብ ነው፤ በጥሩ ፊደል የተጻፈ ስድብ። አንዷ በእሜቴ ሥዕል ላይ ኤክስ አድርጋ መለሰችልኝ። አነበብኳቸው፣ ሁሉንም። የሚገባኝን ያህል ናቸው።

መሥሪያ ቤቷ ድንቢጥን ወደ ሥራዋ መልሷታል። ይቅርታ አልጠየቋትም፤ «ጉዳዩ ተዘግቷል» ብለው ብቻ ጻፉላት። ስልኬን ግን አሁንም አታነሳም።

ቅጹን በፖስታ ልልከው ነበር፤ ያቺን ጠባብ ቀዳዳ ሳስታውስ ተውኩት። ፈርሜ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ተራ ቁጥር ወስጄ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ያውቀኛል፣ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቦታ ቀየረ። ቁጥሬ ሲጠራ መስኮቱ ላይ እሷ ናት።

ቅጹን ተቀበለች። ቀና ሳትል ስሜን ጠየቀችኝ። እትዬ፣ የገዛ ልጄ ስሜን ጠየቀችኝ። ለመዝገቡ ነው፣ ሁሉንም ሰው ይጠይቃሉ። ተናገርኩ፣ ጻፈች። የቀለበቱን ቁጥር አመሳከረች፣ የተገኘበትን ቦታ አነበበች። «የዘገየበት ምክንያት» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ምን እንደጻፍሽበት ታውቂያለሽ፦ «አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወፏን እየጠበቀች ነበር።» ብዙ ጊዜ አነበበችው መሰለኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ማኅተሙን አንስታ መታችበት፤ ትንሽ ጠመመ።

ከዚያ ከቦርሳዋ አንዲት አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጣችና በመስኮቱ አሳለፈችልኝ። ገለጥኩት። የእሷ ጥያቄ፣ ከሥሩ ያንቺ «ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ»። እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ አልተሳሳትሽም ብዬ ልጽፍላት ገና «አ» ላይ ሳለሁ እጄን ያዘችው።

«አንተ አላየህም፣ አባዬ» አለችኝ።

ልክ ናት። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ «አ»ውን ሰርዤዋለሁ። ሾፌሩ ሐሙስ እስክትጨርሺ ድረስ ይጠብቅሻል፤ ሞተሩን እንዳያስነሳ ነግሬዋለሁ። ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ጻፊላት።

ወንድምሽ